በቱሉ ዲምቱ አራተኛ ፎቅ ላይ፦ አስታማሚ ያጣ ቤትና አንድ እድር ያደረገው

ይህ ጽሑፍ በአንድ የኮንዶሚኒየም መንደር ውስጥ በስትሮክ የወደቁ እናትን ማን ያስታምም በሚለው ጥያቄ ዙሪያ የሆነውን ይተርካል። ቤተሰቡ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ ስማቸውን፣ የብሎክ ቁጥራቸውንና የሥራ ቦታቸውን ግን ትቻለሁ። እኔ በሙያዬ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ፣ በሰፈሬ ደግሞ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት፣ የክፍያ ሰነዱ ላይ የፈረምኩት እኔ ስለሆንኩ ከዳር የቆምኩ ታዛቢ ነኝ አልልም።

አስቀድሜ የደረስኩበትን ልናገር። የጤና ባለሙያና የአስታማሚ እጥረት ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው የሰው ማነስን ነው። አገር አቀፉ አኃዝም ይህንኑ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 የዘላቂ ልማት ግቦችን ለማሳካት ለ1,000 ሰው 4.45 ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች ያስፈልጋሉ ብሎ ነበር፤ ኢትዮጵያ ከዚህ እጅግ ርቃ ትገኛለች። በእኛ ሰፈር ያየሁት ግን ሌላ ነው። ማስታመም የሚችል ሰው በየብሎኩ ነበረ። የጠፋው ያንን ሰው ቀጥሮ ደመወዙን በቀኑ የሚከፍል፣ ሥራውን የሚያይ፣ ሲከፋውም የሚሰማ አካል ነው።

ቤቱ

እናትየው በወቅቱ 71 ዓመታቸው ነበር። በአቃቂ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቂርቆስ በቀበሌ ቤት ልጆች አሳድገው የዳሩ ሴት ናቸው። ሴት ልጃቸው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣላት አብረዋት ወደ ቱሉ ዲምቱ መጡ። ቱሉ ዲምቱ በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚነሳበት አጠገብ ነው። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም፤ ውኃም በፈረቃ ሲመጣ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ለመውጣት አቅም ያንሰዋል።

የዚህ ጉዳይ ግማሹ ምክንያት ይህ መዛወር ነው ብዬ አምናለሁ። ቂርቆስ ሳሉ በር ለበር የሚተያዩ፣ ቡና የሚጠራሩ፣ የታመመ ቤት ተራ ገብተው የሚያድሩ ጎረቤቶች ነበሯቸው። እዚህ ግን ሁላችንም በዕጣ የመጣን ነን። አብዛኛው ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ታክሲ ሊሰለፍ ይወጣል፤ ሲመሽ ይገባል። «ባህላችን ነው፤ እኛ ሽማግሌ አንጥልም» የሚለው አነጋገር ደጋግሞ ይሰማል። እውነት ነው፣ አንጥልም። ግን የማይጥለው ማን እንደሆነ ቁጭ ብሎ የሚቆጥር የለም፤ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል፣ ሴት ልጅ ናት።

ጥር 2016 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግስት፣ እናትየው ረከቦት አጠገብ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸው ተያዘ። የብሎኩ ወጣቶች በፕላስቲክ ወንበር ላይ በነጠላ አስረው አወረዷቸው። አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ተኝተው ሕይወታቸው ተረፈ። ሕይወት ማትረፍ የሆስፒታል ሥራ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ግን የማንም ሥራ አልነበረም። አልጋው ለሌላ በሽተኛ ሲፈለግ የመውጫ ወረቀት ተሰጣቸው። የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ አስፒሪን፣ በሳምንት ሁለት ቀን ፊዚዮቴራፒ፣ በየወሩ የሚቀየር የሽንት ካቴተር፣ ከሥር ደግሞ «በቤት ውስጥ ጥሩ እንክብካቤ ይደረግላቸው» የሚል አንድ መስመር። የሽንት ከረጢቱን እንዴት ባዶ እንደሚያደርጉ ነርሷ ኮሪደር ላይ እንደቆመች አሳየቻቸው። እሷን አልወቅስም፤ ከኋላዋ የሚጠብቋት ብዙ አልጋዎች ነበሩ።

ልጅየዋ በአንድ ጅምላ አከፋፋይ ድርጅት ገንዘብ ያዥ ናት። ወንድሟ የሞያሌ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በወር ጥቂት ቀን ቤቱን ያያል። ከዚህ ሌላ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የልጅ ልጅ አለች። ያንን አንድ መስመር ሊፈጽሙ የቀሩት እነዚህ ናቸው።

ከጥር እስከ ሚያዝያ

መጀመሪያ ልጅየዋ የዓመት ፈቃዷን ጨረሰች። ከዚያ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወሰደች። ቀጥሎ በደላላ በኩል ከገጠር የመጣች ልጅ ተቀጠረች፤ ዕድሜዋን 18 ነው ብትልም ፊቷ አይመስልም ነበር። ለምግብ ማብሰልና ለልብስ አጠባ የመጣች ልጅ የሽንት ከረጢት፣ የሰገራ ጨርቅና ለብቻዋ የማትችለው አካል ጠበቋት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላት አንድ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ማንም ሰው ያደርገው ነበር።

ከዚያ በኋላ የቤት ለቤት ነርስ የሚልክ የግል አገልግሎት ተሞከረ። ነርሱ ጎበዝ ነበር፤ ቁስል ሲያጥብ እጁ ቀላል ነው። ነገር ግን ከመሀል ከተማ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ሲመጣ ትራንስፖርቱና ሰዓቱ ዋጋው ላይ ይደመራል። በሳምንት ሦስት ጉብኝት የልጅየዋን ደመወዝ ይበልጥ ነበር። እንዲህ ያለው አገልግሎት ቦሌና ሲኤምሲ ላሉ፣ በተለይም ልጆቻቸው ከአሜሪካ ገንዘብ ለሚልኩላቸው ወላጆች የተመቸ ነው። ዳር ላለ ቤት ግን ርቀቱ ራሱ እንደ ቀረጥ ይከፈላል።

የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም መጥታ ነበር። ይህ ፕሮግራም በገጠር በ1995 ዓ.ም. የተጀመረውን የጤና ኤክስቴንሽን ተከትሎ በ2002 ዓ.ም. ወደ ከተሞች የገባ ነው። በከተማ የተሰማሩት ነርሶች ነበሩ፤ ዕቅዱም አንድ ባለሙያ ለ500 ያህል አባወራ የሚል ነው። ሥራቸው ክትባት፣ የእናቶችና የሕፃናት ጤና፣ ንጽህና፣ በሽታን መከላከል ነው። 500 በር የምታንኳኳ ሴት አንድ በር ውስጥ ገብታ በቀን ሦስት ጊዜ በሽተኛ ልትገለብጥ አትችልም። ባለሙያዋ የደም ግፊት ለካች፣ ቁስሉን አይታ አዘነች፣ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው አለች። እንዴት ይወሰዳሉ? አራት ፎቅ በወንበር፣ ከዚያ በኮንትራት ታክሲ፣ ከዚያ እንደገና አራት ፎቅ። የጤና መድንም በዚህ አይረዳም፤ የሚሸፍነው በጤና ተቋም የሚሰጠውን ሕክምና ነው።

ቁስሉ ከወገብ በታች፣ አጥንቱ ቆዳን በሚገፋበት ቦታ ነበር። በየካቲት ቀይ ምልክት ሆኖ ታየ፤ በመጋቢት ተላጠ፤ በሚያዝያ ቡና ስኒ የሚያህል ጉድጓድ ሆነ። የልጅ ልጅየዋ ከትምህርት ቤት መቅረት ጀመረች። የመምህሯ ደብዳቤ በእኔ በኩል ለቤተሰቡ እንዲደርስ ሲደረግ ነው ጉዳዩ እድር ቤት የገባው።

ሰው አልጠፋም

እዚህ ላይ ሁለት ሴቶችን ላስተዋውቅ። አንደኛዋ ከሁለት ብሎክ ማዶ ተከራይታ የምትኖር፣ ቤሩት ለዓመታት የሠራች ናት። እዚያ ሥራዋ አንዲት የመርሳት በሽታ ያለባቸው አሮጊትን መያዝ ነበር፤ ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማታ ሲነሱ ተከትሎ መነሳት። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን ቤሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ እየጣሉ ሲሄዱ የታየውን ሁላችንም እናስታውሳለን። እሷም በዚያው ዘመን ባዶ እጇን የተመለሰች ናት። ሰፈር ውስጥ ድንችና ሽንኩርት ትቸረችር ነበር። ለአገሯ ሰው ይህን ሙያ ለምን እንዳልሸጠችው ስጠይቃት «ማን ጠይቆኝ ያውቃል? ቢጠይቁኝስ ሠራተኛ ብለው ነው፤ እንጀራ ጋግሪ፣ በዚያው እማማንም እያየሽ፣ ይሉኛል» አለችኝ።

ሁለተኛዋ ከግል ኮሌጅ በነርስነት በዲፕሎማ ተመርቃ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን አልፋ፣ ሥራ አጥታ እናቷ ቤት የተቀመጠች ወጣት ናት። ይህ እንቆቅልሽ ለጤናው ዘርፍ አዲስ አይደለም። አገሪቱ የሕክምናና የነርስ ትምህርትን በስፋት ከፍታ በየዓመቱ ታስመርቃለች፤ ቀጣሪው መንግሥት ግን የሚከፍተው መደብ በበጀቱ ልክ ነው። ስለዚህ ጤና ጣቢያው ሰው አነሰኝ ሲል ተመራቂውም ሥራ አጣሁ ይላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ሥራ ያላቸውም ቢሆኑ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት በደመወዝና በጥቅማ ጥቅም ጥያቄ ሥራ እስከማቆም ደርሰዋል።

ሕጉም ለዚህ ሥራ ቤት አልሠራለትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ለማግኘት ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። በሰው ቤት ለሚያድር ሠራተኛ የሚቀረው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ያሉት ጥቂት አንቀጾች ናቸው። ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። ወደ ዓረብ አገር ለምትሄድ ልጅ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የሥራ ውል፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫና ኃላፊነት ያለበት ኤጀንሲ ይጠየቃል፤ አፈጻጸሙ ያማረ ነው ማለቴ አይደለም። ይህችው ልጅ ሳሪስ ወይም ቱሉ ዲምቱ ብትቀጠር ግን የደላላ ቃል ብቻ ይበቃታል። ለሪያድ አሮጊት የምናሠለጥነውን ሰው ለራሳችን እናት አንጠይቅም፤ ይህ ደጋግሞ ያበሳጨኛል።

የእድሩ ስብሰባ

የእኛ እድር 240 አባወራ አለው። ወርኃዊ መዋጮው በወቅቱ 100 ብር ነበር፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ለሐዘንተኛ የሚሰጥ ገንዘብ። ደንቡ ስለ ሕመም አንድ ቃል አይናገርም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ጉዳዩን በአጀንዳ ያስያዘችው አንዲት ከሰባ ዓመት የማታንስ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ሰፈሩ በሙሉ ሲስተር ይላታል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከእድሩ ገንዘብ ያዥ መጣ። «እድር ለቀብር ነው። ዛሬ ለአንድ በሽተኛ ብንከፍል ነገ ስኳር ያለበት ሁሉ ይመጣል። ካዝናው ሲራቆት የሞተውን በምን እንቅበር?» ብዙ ራሶች ተነቀነቁ። አጉል ንፉግነት አልነበረም፤ ሰውየው በሌላ ሰፈር አንድ እድር ከስሮ ሲፈርስ አይቷል። ሌላው አባል ደግሞ ነገሩ የልጆቻቸው ግዴታ ነው አለ፤ «ልጅ እያላቸው እኛ ብንገባ ማዋረድ ይሆናል» ሲል ከኋላ ያሉ ሴቶች ተንጫጩ። አንዷ ተነስታ «ጋሼ፣ እርስዎ ሲታመሙ የሚያጥብዎት ማን ነው? ወንዱ ልጅዎት ነው?» አለች። ሳቅ ሆነ። እሳቸውም ሳቁ፤ መልስ ግን አልሰጡም።

ሲስተር ያነሳችው ነገር ጉባኤውን አዞረው። በ1990ዎቹ፣ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት፣ በርካታ የአዲስ አበባ እድሮች በጎ ፈቃደኞችን አሰማርተው በየቤቱ የተኙ ሕሙማንን ያስታምሙ ነበር። እሷ ያኔ ቂርቆስ ውስጥ በጎ ፈቃደኞችን ታሠለጥን ነበር። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መጣ፣ ሰዉ ከአልጋ ተነሳ፣ ሥራውም ተረሳ። «ያን ጊዜም ደንባችን ቀብር ብቻ ነበር የሚለው። ሬሳ በዛብንና ደንቡን ቀየርን። አሁን ደግሞ የማይሞትም የማይነሳም በሽተኛ በዛ» አለች። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረች፦ በጎ ፈቃደኛ አትፈልጉ፤ በጎ ፈቃደኛ ይደክመዋል፤ ደመወዝተኛ ቅጠሩ።

ጉባኤው በዚያ ቀን አልወሰነም። መጀመሪያ ስንት አልጋ ላይ የዋለ ሰው እንዳለ እንዲጣራ ታዘዘ። ሰባት ቤት ተገኘ። ሁለቱን ከጎን ያሉ ጎረቤቶቻቸው እንኳን አያውቋቸውም ነበር። ከእነዚህም አንዱ ጀርባው የተጎዳ የግንባታ ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱ ከውጭ ቆልፋበት ለቀን ሥራ ትወጣ ነበር። ይህ ዝርዝር ሲነበብ የገንዘብ ያዡ ተቃውሞ ለዘበ። አንድ ሰው መርዳት ማድላት ነው፤ ሰባት ቤት ግን የሰፈር ጉዳይ ሆነ።

ገንዘቡ እንዴት እንደቆመ

የቀብሩ ካዝና እንዳይነካ ሌላ የባንክ ሒሳብ ተከፈተ። ከሰባቱ ቤቶች አራቱ በወር 3,500 ብር ሙሉውን ለመክፈል ቻሉ፤ አንዱ ግማሹን፤ ሁለቱ ምንም። የእድሩ መዋጮ በአባል በ10 ብር ከፍ አለ። በዚህ ስሌት በወር 18,150 ብር ይገባል። ሁለት ሠራተኞች እያንዳንዳቸው 7,000 ብር ይወስዳሉ፤ የቀረው ለጓንት፣ ለጨው ውኃ፣ ለፋሻ፣ ለሳሙናና ለሲስተር የሞባይል ካርድ ይውላል። ሲስተር ደመወዝ አልቀበልም አለች።

ዋናው ለውጥ የገንዘቡ መጠን ሳይሆን መንገዱ ይመስለኛል። ቤተሰቦቹ ለእድሩ ደረሰኝ ተቀብለው ይከፍላሉ፤ እድሩ ለሠራተኞቹ ወር በገባ በ30ኛው ቀን ይከፍላል። አንድ ቤት ቢያዘገይ ሠራተኛዋ በር ቆማ አትለምንም፤ የሚጠይቀው ኮሚቴው ነው። ውሉ አንድ ገጽ ነው፦ እሑድ ዕረፍት፣ ልብስ ማጠብና እንጀራ መጋገር በሥራው ውስጥ አይካተትም፣ ውኃ በጀሪካን ወደ ላይ መሸከም የቤተሰቡ ኃላፊነት ነው። ይህን የመጨረሻውን ያስገባችው የቤሩቷ ሴት ናት። ኮሚቴው እንደ ትርፍ ነገር አይቶት ነበር፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ ሃያ ሊትር የተሸከመ ሰው ግን ለምን እንደጠየቀች ይገባዋል።

የመጀመሪያዋ ጠዋት

በግንቦት መጀመሪያ ሲስተርና ሁለቱ ሠራተኞች እናትየው ክፍል ሲገቡ አብሬ ነበርኩ። ተረከዛቸው ሥር ውኃ የተሞላ የእጅ ጓንት ተደርጎ ነበር፤ ቤተሰቡ ከሆስፒታል አይቶ የቀዳው ነው። ሲስተር አንስታ ጣለችውና ባታቸው ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ አስገባች፤ ተረከዙ አየር ላይ እንዲንሳፈፍ። ወገባቸው ሥር የነበረውን የቀለበት ትራስም አወጣች፤ ዙሪያውን እየተጫነ ደም ይከለክላል አለች። ከዚያ አንድ አንሶላ አራት አጥፋ ከትከሻ እስከ ዳሌ ከሥራቸው አስተኛች። «ሰው አይጎተትም፤ ጨርቁ ነው የሚጎተተው» አለች። ሁለቱ ሴቶች ጫፍና ጫፍ ይዘው «እማማ፣ ወደ ግድግዳው ልናዞርዎ ነው» ብለው ነግረዋቸው አዞሯቸው። ቤተሰቡ እጃቸውን እየሳበ ሲገለብጣቸው በነበረባቸው ሦስት ወራት የቀኝ ትከሻቸው ከቦታው ላልቶ ነበር። ይህንን ማንም አላስተዋለም፤ መናገር አይችሉማ።

አመጋገቡም ተቀየረ። ጀርባቸው ቀጥ ብሎ፣ አገጫቸው ትንሽ ወደ ደረት ዝቅ ብሎ፣ ወፈር ያለ አጥሚት በትንሽ ማንኪያ፣ በደህናው የአፍ ወገን። ቀጭን ውኃ መጀመሪያ አይሰጥም፤ ካሳሉ ይቆማል። የቤሩቷ ሴት ይህንን ሳትነገር ታውቅ ነበር። ተመራቂዋ ነርስ በበኩሏ የቁስል አጠባውንና የደም ግፊቱን ያዘች። ራስጌ ላይ በክር የተንጠለጠለ ደብተር ተሰቀለ፦ ሰዓት፣ ጎን፣ የሽንት መጠንና ቀለም፣ የበሉት። ሠራተኛዋ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ትመጣለች፤ በየመሀሉ በር ለበር ያለችው እንጀራ ጋጋሪ ጎረቤት ገብታ ታዞራቸዋለች። ሌሊቱ የልጅየዋ ነው።

ልጅየዋ በሰኔ ወደ ሥራ ተመለሰች። የልጅ ልጅየዋ በጎደለ ትምህርት ፈተናዋን ተፈትና አለፈች። ቁስሉ በመስከረም መጨረሻ ተዘጋ። ዝርዝሩ በጽሑፍ ስለነበረ የጤና ጣቢያው የቤተሰብ ጤና ቡድን በወር አንድ ቀን መጥቶ ካቴተር ያለባቸውን ቤቶች ሁሉ በአንድ ዙር እንዲያይ ማግባባት ተቻለ። ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ለዚህ ብዙ ተሟግታለች። ሰባት አድራሻ የያዘ አንድ ወረቀት ለአንድ ቤተሰብ ያልተከፈተ በር ከፈተ።

ያልሠራው

ሌሊት እስካሁን መፍትሔ የለውም። ከምሽቱ 12 እስከ ማግስቱ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ በሙሉ የቤተሰብ ነው፤ ልጅየዋም ሥራ ቦታዋ ላይ እንቅልፍ ሲያዳፋት እንደሚውል ትናገራለች።

የግንባታ ሠራተኛውን ማጠብ ሌላ ጣጣ አመጣ። እሱ በሴት መታጠብ አልፈለገም፤ ሚስቱም አልወደደችውም። ለተወሰነ ጊዜ አንድ የብሎክ ዘበኛ በክፍያ ያግዝ ነበር፤ የፈረቃ ሰዓቱ ሲቀየር ቀረ። ወንድ አስታማሚ ለምን አይቀጠርም ሲባል ኮሚቴው ውስጥ የነበረው ዝምታ ስለ ሥራው ያለንን ግምት ገልጦታል።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አንዲት ሌላ አሮጊት ሠራተኛዋ ወደ መጸዳጃ ስትወስዳቸው ተንሸራተው የክንዳቸው አጥንት ተሰበረ። ልጆቻቸው ማን ይጠየቃል አሉ። ጥያቄው ትክክል ነው። እድሩ የሕክምናውን ግማሽ ከፍሎ በሽማግሌ ተፈታ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ ቢደርስ ሽማግሌ አይበቃም። እኛ ፈቃድ ያለን የጤና ተቋም አይደለንም፤ ቁስል የምታጥበዋ ነርስ ብትሆንም በእኛ ሥር መሥራቷ ሕጋዊ ቦታው የት እንደሆነ ለወረዳው በደብዳቤ ጠይቀናል። መልስ አልመጣም።

ተመራቂዋ ነርስ በታኅሣሥ ለቀቀች። አንድ የግል ክሊኒክ ከእኛ የሚሻል ደመወዝ ሰጣት፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን የጻፍኩላት እኔ ነኝ። አንዳንድ አባላት አሠልጥነን ለሌላ ሰጠን ብለው ተከፉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ሁለት ዓመት ቤቷ ከተቀመጠች ልጅ ሰባት ወር አገልግሎት ማግኘታችን ትርፍ ነው። ይልቅስ ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። እሷ ስትሄድ ለሁለት ወር ያህል ሰባቱም ቤት የቤሩቷ ሴት ላይ ወደቀ፤ ጉብኝቱ በቀን ወደ ሁለት ዝቅ አለ፤ በአንድ ቤት አዲስ የአልጋ ቁስል ወጣ። ለምትክ የተዘጋጀ ሰው ስላልነበረን ነው። በኋላ የቤሩቷ ሴት ራሷ ከሳዑዲ የተመለሰች ጓደኛዋን አምጥታ አለማመደቻት።

ልኩም መታወቅ አለበት። ይህ አሠራር የሚያገለግለው ቤት ላለው፣ ቢያንስ ሌሊት የሚያድርለት ሰው ላለው ነው። ጧሪ ቀባሪ የሌለውን ሰው እንደ መቄዶንያ ያሉ ማኅበራት ነው የሚያነሱት፤ በካንሰርና በመሰል ሕመም ለሚሠቃይ ደግሞ እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያለ፣ የሕመም ማስታገሻ የሚያውቅ ተቋም ያስፈልጋል። እድር ሞርፊን አይሰጥም።

አሁን ያለበት

እናትየው ዛሬ በድጋፍ ይቀመጣሉ፤ ጥቂት ቃላትም ተመልሰውላቸዋል። በብዛት የሚሰማው «ቡና» ነው። የሚጠብቁ ቤቶች ስለበዙ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ኮሚቴው ሦስተኛ ሠራተኛ ለመቅጠር ወሰነ። ማስታወቂያው በእድሩ ቢሮ በርና በሁለት ብሎኮች መግቢያ ላይ ብቻ ተለጠፈ፤ ደመወዙ፣ የሥራ ሰዓቱ፣ የእሑድ ዕረፍቱና ሥራው የማያካትታቸው ነገሮች ተዘርዝረዋል። በአንድ ሳምንት አሥራ ሁለት ሰዎች አመለከቱ። አራቱ በነርስነት የተመረቁ ናቸው። አምስቱ ከዓረብ አገር የተመለሱ ናቸው። ከቀሩት ሦስቱ አንዱ እናቱን ስድስት ዓመት አስታሞ የቀበረ ወንድ ነው፤ የማመልከቻ ደብዳቤው ላይ ልምድ በሚለው ሥር ይህንኑ ጽፏል። ኮሚቴው እሱን ቀጠረ፤ የግንባታ ሠራተኛው ቤት ከጠዋት ዙሩ የመጀመሪያው ተደርጎለታል። የሌሎቹን አሥራ አንድ ማመልከቻዎች ስልክ ቁጥራቸው ላይ ምልክት አድርጌ በአንድ ፋይል አስቀምጫለሁ፤ መዋጮው በሌላ 10 ብር ይጨመር የሚለው ሐሳብ ለቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ ቀርቧል፤ ገንዘብ ያዡም አስቀድሞ ተቃውሞውን በጽሑፍ አስገብቷል።